የዊንቹን መንጠቆ ምን ላስይዘው? አንዲት ቪትዝ ያስተማረችኝ

አምና ነሐሴ ላይ የአክስቴ ልጅ ከሐይቅ ከተማ ደወለና "መኪናዋ ሞታብኛለች፣ በአላህ ተሳቢህን ይዘህ ድረስልኝ" አለኝ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ተሳቢዋን ከገዛኋት ገና ሶስት ወሬ ነበር፣ ፊቷ ላይ በ12 ቮልት የሚሰራ የኤሌክትሪክ ዊንች (ካቦ፣ ማለትም የብረት ገመድ፣ እየጠቀለለ የሚጎትት) አላት፣ እስከዛ ቀን የጫንኩባት አንድ ባጃጅና የጎረቤት ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር እና ቪትዝማ ምን አላት፣ ሻይ ሳንጠጣ እንጨርሳታለን ብዬ በሀይሉክስ እየጎተትኩ ሄድኩ። ሀይቁ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ አላባራም፣ ቪትዟ ደግሞ ግቢ ውስጥ እስከ ጎማዋ ግማሽ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ጠበቀችኝ።

መሽቷል። የስልኬን መብራት ይዤ በጀርባዬ ተንጋልዬ ስሯ ገባሁ፣ ሁሉም ነገር ጭቃ ነው፣ በእጄ ስዳብስ አንድ ወፈር ያለ ብረት አገኘሁና መንጠቆውን እሱ ላይ አስያዝኩት። ቁልፉን ስጫን ካቦው ተወጠረ፣ ዊንቹ አቃሰተ፣ ጎማዋ ከጭቃው ስትላቀቅ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደወጣች ነው የመሰለኝ። ግን የተሳቢዋ መወጣጫ ጋ ስትደርስ የግራ የፊት ጎማ ወደ ውጭ እንደ ዳክዬ እግር ተንጋዶ አየሁት፣ አንድ ስንዝር ብጨምር ኖሮ ከመወጣጫው ጠርዝ ወርዳ ትገለበጥ ነበር። የያዝኩት ከመሪው ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ነበር፣ ጫፉ ላይ ቴስቲና (ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ያለበትን። እንደ ሽቦ ጥምልምል አድርጌዋለሁ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ጋራዥ ሳደርሳት፣ ድሮ በአሰብ መስመር ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) የነዱ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ያያሉ። ጎንበስ ብለው አዩና "ይሄን ማን ጎተተው?" አሉ። "እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ፣ አፍሬ። "ልጄ፣ ስር ስትገባ ወፍራም ብረት አትፈልግ፣ ስራህ ምንድነው ብለህ ጠይቀው። ጎማ ለማዞር የተሰራ ብረት መኪና ጎትት ቢባል ምን ያርግ?" ከዛ ቡና ተጋብዤ ተሰደብኩም ተመከርኩም። እስካሁን የምሰራው በዛ ነው።

መጀመሪያ የምፈልገው የመኪናው የራሱን የመጎተቻ ቀለበት ነው። ብዙ አዳዲስ የቤት መኪና ላይ ቀለበቱ ውጭ አይታይም፣ ከክሪኩ ጋር ወይ ትርፍ ጎማው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚገኘው፣ ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ትፈነቅልና እንደ ብሎን እያዞርክ ጥርሱ ውስጥ ታስገባዋለህ። የቪትዟም እዛው ነበር፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ስንከባለል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ፣ አንደኛ እስከ መጨረሻው መጥበቅ አለበት፣ ግማሽ ድረስ ገብቶ ከተጎተተ አንገቱ ይጎብጣል። ሁለተኛ ቀለበቱ የተሰራው ፊት ለፊት ለመጎተት ነው፣ በጎን ሰያፍ ከተሳበ ይጣመማል ወይ ይሰበራል። ስለዚህ ተሳቢዋን ደጋግሜ ወደፊት ወደኋላ አርጌም ቢሆን ከመኪናው ጋር ቀጥ አደርጋታለሁ፣ ግማሽ ሰአት ቢፈጅም።

ቀለበቱ ከሌለ (ከሰው የተገዛ መኪና ላይ ግማሹ ጠፍቶ ነው የሚገኘው) ሻንሲው ስር፣ ግራና ቀኝ፣ መኪናው መርከብ ላይ ሲጫን የሚታሰርባቸው ሞላላ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ አሉ። ለነሱ የሚሆን ቲ ቅርጽ ያለው መንጠቆ አለ፣ ሁለት እግር ባለው ሰንሰለት ግራውንም ቀኙንም ይዤ መሀል ላይ ከካቦው ጋር አገናኛለሁ። ታዲያ ሰንሰለቱ አጭር ሆኖ እግሮቹ በጣም ከተከፈቱ ጥቅሙ ይጠፋል። በመሀላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን ጭነት ብቻውን ይሸከማል፣ ሁለት ማድረግህ ምንም አልጠቀመህም ማለት ነው። ከ60 በታች እንዲሆን ሰንሰለቱን ማስረዘም ነው።

የማልነካቸው፦ የመሪ ዘንግ (ከዚህ በኋላማ!)፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ የፍሬን ቱቦ ያለበት ሰፈር፣ ራዲያተሩን የያዘው ቀጭን ብረት፣ ፓራውልት። ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ) ላይ የሚያስሩ አውቃለሁ፣ "ሁሌ እንደዛ ነው የምናረገው" ይሉሃል፣ ጎሚኒው (የብራቾው የጎማ ትራስ) ሲበላና አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ሲዛባ ግን ባለቤቱ ነው የሚከፍለው።

ጉልበቱን ደግሞ ማንም አያስበውም። አንድ ቶን መኪና ጎማዋ በነፃነት እየዞረ 15 ዲግሪ መወጣጫ ላይ ስትወጣ ካቦው ላይ የሚያርፈው 260 ኪሎ ገደማና ትንሽ ነው፣ ይሄን ደህና ቀለበት ይችለዋል። ጭቃ ውስጥ የተቀበረች ወይ ፍሬኗ የያዘ ከሆነች ግን ከራሷ ክብደት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። የኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር፣ አንድ ልጅ አካፋ ይዞ አስር ደቂቃ ቢቆፍርልኝ ዘንጉም ምናልባት ይተርፍ ነበር። አሁን መጀመሪያ እቆፍራለሁ፣ ማርሹን ፎሌ (ነፃ)፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅ፣ ከኋላ ታኮ የያዘ ሰው አቆማለሁ፣ መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር እየተከተለ ጎማው ስር እንዲያስጠጋ።

ካቦው ላይ የእናቴን አሮጌ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) እጥላለሁ። የብረት ካቦ ተወጥሮ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ነው የሚመለሰው፣ ባናው ክብደት ሆኖ ወደ መሬት ይጥለዋል። መንጠቆውንም አፉን ወደ ላይ አርጌ ነው የማስይዘው፣ ቢለቅ ወደ ታች እንዲሄድ። ሰውም አባርራለሁ፣ የሐይቅ ልጆች እንደ ሰርግ ነው የሚከቡህ። ከተጫነች በኋላ ደግሞ ዊንቹን አላምንም፣ አራቱንም ጎማ በቀበቶ እጠፍራለሁ፣ ሐረጎን ታውቁት የለ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ነው፣ እዛ ኩርባ ላይ የዊንች ካቦ ብቻ ተማምኖ መውረድ እብደት ነው።

የአክስቴ ልጅ የዘንጉንና የአላይመንቱን ከኔ አልተቀበለም፣ "አብሽር" ብሎ ዘጋው። እኔ ግን የዛን ቀን ቀለበቱን እንኳ ሳልጠይቀው መግባቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ባለፈው ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ አይዲ ፎር (የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና) ልጭን ተጠራሁ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ኤሌክትሪኮቹ እዚህም በዝተዋል፣ ሆዳቸው ሙሉ ባትሪ ስለሆነ ከታች ገብቶ መንጠቆ መፈለግ ጭራሽ አይታሰብም። ባለቤቱ ቀለበቱን አግኝቶት አስር ደቂቃ ሙሉ ወደ ቀኝ እያዞረ "አይገባም፣ ሌላ መኪና ነው" እያለ ይራገማል። ተቀበልኩትና ወደ ግራ አዞርኩት፣ የቮልስዋገን ጥርስ ግራ ነው። ገባ። ሰውዬው ቀለበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዛ ምንም ሳይል ቡና አዘዘ።