ወደ ቼሪበርን፦ በቶማስ ቢዊክ አገር

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባለችው ኒውካስል ያደርኩበት የእንግዳ ማረፊያ መስኮቱ አልገጥም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ ስላደረ፣ ጠዋት ወደ ፕረዱ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ሙቀት ማግኘቴ ራሱ ትልቅ ደስታ ነበር። ከጣቢያው እስከ ቼሪበርን በእግሬ ሄድኩ።

የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊው ቶማስ ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለደው እዚህ፣ ከታይን ወንዝ በላይ ባለች ዝቅ ያለች የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለስላሳ ጣውላ እየቦረቦርን ሰፋፊና ደማቅ መስመር ስለምናወጣ፣ የእንጨት ህትመት ሲባል በዐይኔ የሚመጣው ያ ዓይነቱ ሥራ ነበር። ቢዊክ ግን ቦክስዉድ የተባለውን ጠንካራ እንጨት አግድም አስቆርጦ፣ ግንዱ በተቆረጠበት ፊት ላይ የመዳብ ቀራጮች በሚይዙት ቡሪን በተባለ ሹል መቅረጫ ይሠራ ነበር። ያየሁት ብሎክ፣ ማለትም ለማተሚያ የተቀረጸው እንጨት፣ ከመዳፌ ያንሳል፤ የወፏ የደረት ላባ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዲት አዛውንት አስጎብኚ ወደ ብርሃኑ አስጠግተውኝ፣ ሩቅ ያለው ዛፍ ፈዝዞ እንዲታተም የብሎኩ ገጽ በዚያ በኩል ጥቂት ዝቅ ተደርጎ እንደተፋቀ በትዕግሥት አሳዩኝ። ብሎኩ ከማተሚያ ፊደሎቹ እኩል ቁመት ስላለው ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ይታተማሉ፤ በመዳብ ይህ አይቻልም። በ1797 እና በ1804 የወጡት «የብሪታንያ ወፎች ታሪክ» የተባለው መጽሐፉ ሁለት ጥራዞች የታተሙት በዚህ መንገድ ነው።

ቢዊክ ወፎቹን አስቀድሞ በእርሳስና በውሃ ቀለም ይሥላቸው ነበር። በ1791 ያኔ የዮርክሻየር አካል ወደነበረው የዊክሊፍ መንደር ሄዶ ደርቀው የተቀመጡ ወፎችን ሢሥል ቢቆይም፣ አቋቋማቸው ሕይወት የሌለው ሆኖ ስላገኘው በሕይወት ያሉትን ወይም ገና የተገደሉትን መረጠ። የሥራው ክብር ሁሉ እዚህ ውሳኔ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ወደ ኦቪንግሃም ለመሻገር የያዝኩት ታክሲ ለዚያች አጭር መንገድ 18 ፓውንድ ስላስከፈለኝ ተናድጄ ነው የወረድኩት። ቢዊክ የተማረው በዚህ መንደር ነው፤ ወረቀት ሲያጣ በመቃብር ድንጋዮችና በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወለል ላይ በጠመኔ ይሥል ነበር። በ14 ዓመቱ፣ በ1767፣ ኒውካስል ለሚገኘው ቀራጭ ራልፍ ቤይልቢ በተለማማጅነት ተሰጠ፤ በ1828 ሲሞት ደግሞ የተቀበረው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

በ1776 ለንደን ሄዶ ሥራ ቢያገኝም ከተማዋን ስላልወደዳት ዓመት ሳይሞላው ተመልሷል። እኔ ለንደንን ኖሬባት እወዳታለሁ፤ ሆኖም የታይንን ዳርቻ ካየሁ በኋላ አልፈርድበትም።