«አብሽሪ፣ አይነክስም!»

ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ጠፍቷል። የሐምሌን ደሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ሆድ ይብሳል፣ ሰው በትንሹም በትልቁም ይከፋዋል። ከጉሙ ውስጥ ውሻዋን ፈትታ የለቀቀች አንዷ «አብሽሪ፣ አይነክስም!» ስትል ሰማሁ። የነካኝ የለም። ቃሏ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

«አይነክስም» የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርገው የሚወርዱት አባት ጭንቃቸው ንክሻ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ከእስልምና የሕግ መንገዶች በአንዱ፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር፤ እርጥብ አፍንጫ ጋቢያቸውን ከነካው ወደ ቤት መመለስ ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘለችው ልጅ ዞር ብላ ማየት እንኳ አትችልም፤ ከደነገጠች ከነሸክሟ ቁልቁል ነው። ያረገዘች በግም ጥርስ ሳያርፍባት፣ በሩጫው ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች።

ስለዚህ ገመድ። ሁለት ሜትር ይበቃል። የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከዚያ ከላላ ውሻው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ጭንቅላቱን ያወጣና ባለቤቱ ባዶ ገመድ ይዞ ይቀራል። ገመዱን ክንድ ላይ መጠምጠም ግን የለም፤ ቁልቁለት ላይ በግ ያየ ውሻ ሰው ይዞ ነው የሚወርደው። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ቆም ብሎ፣ ውሻውን እግር ሥር፣ አላፊው በሌለበት በኩል ይዞ ማሳለፍ። ቅድሚያ ሁሌም ለባለ ሸክሙ።

«ሲጠሩት ይመጣል» የሚሉም አሉ። ግቢ ውስጥማ ማን አይመጣም! ፈተናው በጎች እየሮጡ ሳለ በአንድ ጥሪ መመለሱ ነው። ለዚያ አሥር ሜትር ገመድ አስሮ፣ በመጣ ቁጥር ቁራጭ ሥጋ እየሰጡ ማስለመድ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ግን ጠርቶ መግረፍ ይቀናናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ውሻ እሱ ሞኝ ነው።

ውሻው መንገድ ላይ ጥሎት ስለሚሄደው ነገርማ የሚያነሳ የለም። በጓ አንገቷን አዘንብላ ባንድ በኩል ስትዞር «አዙሪት» ይዟታል ይባላል። አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። የታረደው በግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ ይጣላል፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ሌላዋ በግ ትግጠዋለች። ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውን በየጊዜው ፕራዚኳንቴል መስጠት፣ የጣለውንም አንስቶ መቅበር ነው መፍትሔው። ኧረ ማን ሊያነሳ!

ከነከሰስ? በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በርበሬም ቅጠልም ሳያደርጉበት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ውሻው እስኪታይ ተብሎ አይቆይም። ውሻው ደግሞ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ሰፈር ግን ድንጋይ ለማንሳት ይቸኩላል። የሞተ ውሻ ምልክት አያሳይም፤ ላቦራቶሪው የሚፈልገው አንጎሉን ነው፣ እሱ ደግሞ በድንጋይ ተፈጭቷል። በነገራችን ላይ እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ደጋ ላይ ላለው ቀይ ቀበሮም ካልተከተበ ውሻ የሚጋባው ይኸው በሽታ ትልቅ ሥጋት ነው።

ጉም ሥራ ያስፈታል፤ ሕግ ማገላበጥ ጀመርኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ ለጉዳቱ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። «አምልጦኝ ነው» አያዋጣም ማለት ነው። 2074 ላይ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት፣ ጉዳት ያደረሰውን የቤት እንስሳ ለተጎጂው ለቅቆ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል። ነክሶኝ ሲያበቃ የእኔ ይሆናል! እራቱም፣ ክትባቱም፣ ገመዱም በእኔ። ፈትቶ መልቀቅ ራሱ ጥፋት ነው ብዬ እከራከር ይሆናል እንጂ ዝም ብዬስ አልረከብም። ይህን ሁሉ እያልኩ ታዲያ ስም እያወጣሁለት ነው። ቦቢ በዛ፤ አንበሴ ይሻለው ይሆን?