ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠይቁ

አፌ ቆስሎ አልሽር ሲል እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ፈልጊ» አለችኝ። እዚህ ሜሪላንድ ያለው የጥርስ ሐኪም ደግሞ የድድ በሽታ ነው ብሎ ድዴን ጠረገልኝ። ከዚያ የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ቀጥሎ የሄርፒስ። እንጀራው ራሱ ያቃጥለኝ ጀመር፤ በርበሬማ አይታሰብም።

በኋላ እንደታወቀው በሽታዬ ፔምፊገስ ቩልጋሪስ የሚባል ነው፤ ብርቅ ነውና እስከዚህ ድረስ ያለውን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ባዮፕሲውን፣ ማለትም ለምርመራ ሥጋ ተቆርጦ የተወሰደበትን ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ከቁስሉ መሃል ቆርጦ የወሰደውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ፣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ከተተው። ውጤቱ «ብግነት ነው፣ ይህ ነው የሚባል በሽታ አልታየም» የሚል ሆኖ መጣ። እሱም በዚያው ወረቀት ደህና ነሽ ብሎ ሸኘኝ!

ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ላይ የሰውነት መከላከያ ዴስሞግሊን 3 የሚባለውን ፕሮቲን ያጠቃል። ሴሎቹን እርስ በርስ አያይዞ የሚይዛቸው እሱ ነው። ሲላቀቁ ሽፋኑ ይላጣል። ስለዚህ ቁስሉ መሃል ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሁለት ናሙና ያስፈልጋል። አንዱ ከቁስሉ ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሌላው አጠገቡ ካለው ደህና ከሚመስል ሥጋ ተወስዶ ለኢሚውኖፍሎረሰንስ፣ ሥጋው ላይ የተጣበቁትን የመከላከያ ፕሮቲኖች (አንቲቦዲ) አብርቶ ለሚያሳይ ምርመራ፣ ይላካል። ይህንን ሁለተኛውን ናሙና ፎርማሊን ያበላሸዋል፤ ሚሼል በሚባል ፈሳሽ ነው የሚቀመጠው። በኋላ ሄጄ ለምን ሁለተኛ አልወሰድክም ስለው «ላቦራቶሪው አልጠየቀኝም» አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የቆዳ ሐኪም በትክክል ደግማ ስትወስድ በሽታው ወዲያው ታወቀ።

ሕክምናው የሰውነት መከላከያን በሚያዳክም ፕሬድኒሶን በሚባል ስቴሮይድ ተጀመረ፣ ከዚያ አንቲቦዲ የሚያመነጩትን ሴሎች የሚቀንስ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠኝ። ሪቱክሲማብ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሬድኒሶንን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው። ስኳራችሁንና አጥንታችሁን አስመርምሩ።

ከሀበሻ አገር የመጣን ሰዎች ግን ሌላም አለብን። ሪቱክሲማብ የተደበቀ ሄፓታይተስ ቢን ስለሚቀሰቅስ ምርመራው አስቀድሞ ይደረጋል። ቲቢም እንዲታይ ጠይቁ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፤ በከፍተኛ ፕሬድኒሶን ጊዜ ተባዝቶ ሊገድል ይችላል። እዚህ ብዙ ሐኪም ትዝ አይለውም። አያስፈልግም ቢሏችሁም በደም ምርመራ ይታይልኝ በሉ።

የባዮፕሲ ውጤታችሁ የአፍንና የዓይን ስስ ሽፋን የሚያቆስለው ሌላው ተመሳሳይ በሽታ፣ የስስ ሽፋን (ሙከስ ሜምብሬን) ፔምፊጎይድ ከሆነ፣ ዓይናችሁ ባይቀላም የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠባሳው ዓይን ያጠፋል።