አይቼው ዝም ያልኩት ቁጥር

በመጀመሪያው የአየር መንገድ የቅጥር ፈተናዬ የጣለኝ አንድ ቁጥር ነው።

በሲሙሌተሩ፣ በረራን መሬት ላይ በሚያስመስለው ማሽን፣ የቀኝ ወንበር ላይ ነበርኩ። የማበርረው እኔ ነኝ። በግራዬ ያለው ካፒቴን ሬዲዮውን ይዟል። ኦቶፓይለቱ ጠፍቷል። ከኋላችን የተቀመጠው ፈታኝ እንደ አየር ተቆጣጣሪ ሆኖ «ወደ 4,000 ጫማ ውረዱ» አለ። ካፒቴኑ «4,000» ብሎ መለሰና እጁን ዘርግቶ የከፍታ መምረጫው ላይ 3,000 አስገባ።

አየሁት። ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግን «እኔ ያልሰማሁት ነገር ይኖር ይሆናል» አልኩ በሆዴ። ሰውየው ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲበር የኖረ ነው። ዝም ብዬ ቁልቁል ወረድኩ። 4,000ን አልፈን 3,600 ስንደርስ ፈታኙ ማሽኑን ቀጥ አደረገው።

«ቁጥሩን አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

የምመልሰው አጣሁ። ካፒቴኑ ሆን ብሎ ያድርገው ወይ ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሁለት ቀን በኋላ ኢሜይል ደረሰኝ። አልተቀበሉኝም። ከ6 ወር በኋላ ግን እንደገና ማመልከት እችላለሁ። ይህን የምጽፈው በእነዚያ 6 ወራት ምን እንደሠራሁ ለመንገር ነው። በተለይ እንደ እኔ «ትልቅ ሲናገር አርፈህ ቁጭ በል» እየተባሉ ላደጉ ልጆች።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ቨርጂኒያ የመጣሁት በ19 ዓመቴ፣ አጎቴ ጋ ነው። ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራሁ ነው የበረራ ትምህርቴን የከፈልኩት። ከዚያ ማናሳስ አውሮፕላን ማረፊያ አስተማሪ ሆኜ ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን የበረራ ሰዓት አጠራቀምኩ። አሜሪካ ውስጥ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ የ50 ሰው ሕይወት የቀጠፈበት አደጋ ነው። እኔ 1,500ው ሞልቶልኝ ስለነበር በእጄ እተማመን ነበር።

ስወድቅ መጀመሪያ ያደረግኩት የሆነውን ሁሉ መጻፍ ነው። ማታውኑ፣ ሳልረሳው። ምን ተጠየቅኩ፣ ምን መለስኩ፣ የትኛው ላይ ተንተባተብኩ። አራት ገጽ ሆነ። ሳነበው አንድ ነገር ገባኝ። የበረራ ስህተቶቼ ትንንሽ ነበሩ፤ ፍጥነት ላይ 10 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው) ወዲያ ወዲህ፣ ከፍታ ላይ 80 ጫማ። እነሱን ልምምድ ያስተካክላቸዋል። ዝምታዬ ግን የልምምድ ጉዳይ አልመሰለኝም። አስተዳደጌ ነው። እኛ ቤት «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው ያደግነው።

ቀላሉን አስቀደምኩ። ሎግ ቡኬን፣ የበረራ ሰዓቴን የምመዘግብበትን ደብተር፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በካልኩሌተር ደመርኩት። የሌሊት በረራዬ ላይ የ3.4 ሰዓት ስህተት አገኘሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ፈታኙ ግን ደብተሩን ሲያገላብጥ የሚፈልገው ሰዓቱን ብቻ አይደለም፣ ሰውየውን ነው። ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ትክክለኛውን ጽፌ፣ ፈርሜበት ወሰድኩት። የወደቅኩባቸውን ፈተናዎችም እንዲሁ። የኢንስትሩመንት ፈተናዬን፣ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረሩን፣ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ደመና ውስጥ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ 60 ጫማ በታች ወረድኩ። ይህ በመንግሥት መዝገብ ላይ ያለ ነገር ነው፤ አየር መንገዱ ሳይቀጥር በፊት ያየዋል። ስለዚህ ሳይጠይቁኝ መንገርን ተለማመድኩ። ምን እንዳጠፋሁ፣ ለምን፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደለወጥኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሰበብ ሲጨመርበት ይበላሻል።

ሲሙሌተሩን ወጪ ሳላበዛ ለመለማመድ የጄቱን ኮክፒት (የአብራሪዎቹን ክፍል) ሥዕል በትልቅ ወረቀት አሳተምኩና የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ፊቱ ወንበር። በየቀኑ ጠዋት 40 ደቂቃ እዚያ እቀመጣለሁ። እጄ ጊሩ (የማረፊያ ጎማው) ጋ፣ ፍላፑ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) ጋ፣ ሬዲዮው ጋ ሳይፈልግ እንዲሄድ። ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል፤ የማደርገውን ሁሉ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በወር አንዴ ደግሞ እውነተኛ ሲሙሌተር ለሁለት ሰዓት ተከራየሁ። ወረቀቱ ላይ 30 ቀን የሠራ ሰው ያቺን ሁለት ሰዓት መሪውን ሲያውቅ አያባክናትም።

ከሴስና ወደ ጄት ሲኬድ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። ነገሮች ቶሎ ይመጣሉ። በሴስና አፕሮች ላይ፣ ማለትም ለማረፍ ስቃረብ፣ 90 ኖት እበራለሁ፤ በጄቱ 140። አንዲት ስሌት በጣም ጠቅማኛለች። በተለመደው 3 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ከመሬት አንጻር ያለህን ፍጥነት በኖት ወስደህ በ5 ስታበዛው በደቂቃ ስንት ጫማ መውረድ እንዳለብህ ይነግርሃል። 90 ሲሆን 450፣ 140 ሲሆን 700። የቁልቁለቱን መስመር የሚያሳየው መርፌ ከመሸሹ በፊት ይህን ካወቅህ መርፌውን ከኋላ አታሳድደውም። ሌላው ሞተሩ ነው። የጄት ሞተር ጋዝ ከተቀነሰበት ለመነሳት ሰከንዶች ይፈጅበታል። እንደ ሴስና አሁን ሰጥቼው አሁን ይመልስልኛል ማለት አይቻልም። ከፈተናው በፊት የአውሮፕላኑ አፍንጫ በስንት ዲግሪ እንደሚያዝና ሞተሩ ስንት ኃይል እንደሚሰጠው የሚናገሩ ቁጥሮች ያሉበት አንድ ገጽ ይልኩልሃል። እሱን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ቁጥሩን አስቀምጠህ ትንሽ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታርማለህ።

በመነሳት ላይ አንድ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ትልቁ ጠላት ጥድፊያ ነው። አፍንጫው ወደሞተው ሞተር ይዞራል። በጤነኛው በኩል ያለውን ፔዳል ትረግጣለህ፣ አቅጣጫህን ትይዛለህ፣ መውጣትህን ስታረጋግጥ ጎማው ይሰበሰባል። እኔ የተማርኩበት አሠራር ከ400 ጫማ በታች ሌላ ምንም እንዳትነካ ነው የሚለው። የመጀመሪያ ሰሞን ስድስት ነገር ባንዴ ልሠራ ስል ከመንገዴ 30 ዲግሪ ወጥቼ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ።

ያን ሰሞን ስለ ሁለት አደጋዎች አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1977 የስፔን ደሴት በሆነችው ቴኔሪፍ ላይ የኬ.ኤል.ኤምና የፓን አም አየር መንገዶች ሁለት 747 አውሮፕላኖች ጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። የኬ.ኤል.ኤሙ ካፒቴን ሳይፈቀድለት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ፓን አሙ ከመንደርደሪያው ለቆ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት። መሐንዲሱም ዝም አለ። በዓመቱ ደግሞ የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ አጠገብ ስለ ማረፊያ ጎማው ሲጨነቅ አንድ ሰዓት ያህል ዞሮ ነዳጁ አለቀበት። አሥር ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ኮክፒቱ ውስጥ ነበር። ተናግሯልም። ግን ለስለስ አድርጎ ነበር። ዛሬ የአየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት አብሮ የመሥራት ትምህርት ያደገው ከእነዚህ አደጋዎች ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። እነዚያ ሰዎች ፈሪዎች ወይም ሰነፎች አልነበሩም። እንደ እኔው ጨዋ ነበሩ።

አጎቴን «ጋሼ» ነው የምላቸው። ታክሲ ይነዳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊታቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ነገርኳቸውና ቼክሊስቱን፣ አብራሪዎች አንድ በአንድ የሚያረጋግጡትን ዝርዝር፣ እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ወረቀቱ ፊት ሁለተኛ ወንበር አመጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀስ ብለው አነበቡ፣ እኔ መለስኩ። ደስ አላቸው። ከዚያ «አንዳንዴ ሆን ብለው ይሳሳቱልኝ፤ መስመር ይዝለሉ፣ ቁጥር ይቀይሩ» አልኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ፍላፕ የሚለውን ዘለሉ። አየሁ። አፌ ግን ተያዘ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ወረቀቱን አስቀመጡና በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዝም ካልክ እኮ ሁለታችንም ሞተናል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

ከዚያ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ሰውየውን ትቼ ቁጥሩን መናገር። «ተሳስተዋል» ማለት ይከብደኛል። «ፍላፕ ይቀረናል» ማለት ግን ለማንም አይከብድም። «የተፈቀደልን 4,000 ነው፣ የገባው 3,000 ነው።» ክስ የለበትም፣ ድፍረትም የለበትም፣ ግን ተነግሯል። ካልተሰማሁ እደግመዋለሁ። አሁንም ካልተሰማሁ መደረግ ያለበትን እናገራለሁ፦ «ካፒቴን፣ እዚህ ላይ እንቁም፣ እናረጋግጥ።» ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መልስ እያነበቡ ያሳስቱኛል። አንዳንዴ እራት ላይ ሁሉ «ጨው 3,000 ነው» ብለው ይፈትኑኛል። በሦስተኛው ወር አፌ ከአእምሮዬ ቀድሞ መናገር ጀመረ።

የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች ያዘጋጀሁትም በዚሁ መንገድ ነው። «ከባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን» ይላሉ። መጀመሪያ ዙር ላይ ከኢንተርኔት የለቀምኩትን መልስ ሰጥቼ ነበር። ሁለተኛው ላይ የራሴን አወራሁ። አንድ ቀን ከእኔ በፊት የበረረው አስተማሪ «ነዳጁ ሙሉ ነው» ብሎኝ አመንኩት። ገና 12 ሰዓት ብቻ የበረረ ተማሪዬ «እኔ ግን ልለካው» አለ። ክንፉ ላይ ወጣ፣ መለኪያውን ነከረ፣ ግማሽ ነበር። ይህን ስናገር ፈታኟ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ።

የቴክኒክ ጥያቄው ላይ ደግሞ የትውልድ ከተማዬ ረዳኝ። አዲስ አበባ ማደጌን አይታ «ቦሌ ላይ በ140 ኖት ብታርፍ ከባሕር ዳርቻው ምን ይለያል?» አለችኝ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው 140 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 160 ይጠጋል። በ5 ሲበዛ በደቂቃ 800 ጫማ እንጂ 700 አይበቃም። ለማቆምም ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ሳወራ ደስ እያለኝ ነበር።

ከሰዓት ሲሙሌተር። ካፒቴኑ ሌላ ሰው ነው። ወደ መንደርደሪያው ስንቃረብ ለማረፍ የሚመራንን ሳይሆን የጎረቤቱን መንደርደሪያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አስገባ። ልቤ መታ፣ አፌ ግን ቀደመ። «ካፒቴን፣ ቻርቱ (የማረፊያው ካርታ) ላይ ያለው ቁጥርና የገባው ቁጥር አይገጥሙም፣ እናረጋግጥ?» አየው፣ ቀየረው፣ «አመሰግናለሁ» አለ። በቃ። ሰማይ አልተደፋም።

ቀጥሎ ያለውን ግን አላሳመርኩትም። ነፋሱ ገፍቶኝ 1,000 ጫማ ላይ ስደርስ ፍጥነቴ 15 ኖት በዝቷል። ደመና ውስጥ ነን። እስከዚያ ከፍታ ድረስ አፕሮቹ ካልተረጋጋ አይቀጠልም። «ልጨርሰው፣ ይስተካከላል» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ጋሼ ትዝ አሉኝ። «አልተረጋጋንም፣ እንመለስ» አልኩና ኃይል ሰጥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ አረፍኩ። ስወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መመለሴ ያስጣለኝ መስሎኝ ነበር። ፈታኙ በኋላ እንደነገረኝ ግን ዳር ላይ ምልክት ያደረገልኝ እዚያ ጋ ነው።

ስልኩ የተደወለው በማግስቱ ነው። ጋሼ ታክሲያቸውን ሊያወጡ ደጅ ቆመው ነበር። ስነግራቸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ተመለሱ። የዚያን ቀን አልነዱም።

አሁን አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅዬ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ ደውሎ በሚቀጥለው ወር እንደሚፈተን ነገረኝ። እሁድ ይመጣል። ጋሼም መነጽራቸውን ጠርገው እየጠበቁት ነው።