ማይጨው ለቀረ ሰው አበባ ላስቀምጥ ብዬ "ኒሻን አምጪ" ተባልኩ

ሚያዝያ 27 በአርበኞች የድል በዓል አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ሄዳችሁ ለቤተሰባችሁ ሰው የአበባ ጉንጉን ለማስቀመጥ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው፣ እኔን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ሰውየው የእናቴ አያት ናቸው። በ1928 ማይጨው ዘምተው በዛው ቀሩ። ውጊያው ላይ ይሙቱ ወይ ሲመለሱ ሐሸንጌ አካባቢ በአውሮፕላን ሲደበደቡ፣ የሚያውቅ የለም። መቃብር የለ፣ ፎቶ የለ። እናቴ ምኞቷ አንድ ነው፣ ስማቸው አንዴ በአደባባይ ይጠራልኝ ነው የምትለው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። ቀኑ ሚያዝያ 27 ነው፣ ትልልቅ ሰዎች መጋቢት 28 ነው ብለው ቢከራከሯችሁ አትገረሙ፣ ደርግ ወደዛ አዙሮት ስለነበር ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 1928፣ ንጉሡ ተመልሰው የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዛው ቀን 1933 ነው። አበባውን ከዋዜማው በፊት እዘዙ፣ የተፈጥሮ አበባ ይሁን፣ መቆሚያው ጠንካራ ሽቦ ይሁን። ልብስ ነጭ በቂ ነው፣ ጎፈርና ካባ ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ብላችሁ አትከራዩ፣ የሚያምረው በባለቤቱ ላይ ነው።

ፍትሐት ለምታስደርጉ ሁለት ነገር። አንደኛ የክርስትና ስማቸውን ፈልጋችሁ አግኙ፣ ቄሱ የሚጠሩት በሱ ነው፣ እኛ ቤት የሚያውቀው ጠፍቶ አንዲት አሮጊት አክስት ናት ያዳነችን። ሁለተኛ ካላንደር እዩ። የድል በዓል ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ፍትሐት የለም፣ ቀድማችሁ ነው ማስደረግ ያለባችሁ። በ2016 እንደውም ፋሲካና የድል በዓል አንድ ቀን ነበር የዋሉት።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

በፕሮግራሙ ሰዓት አበባ የሚያስቀምጥ ሰው ቀድሞ መመዝገብ አለበት ተባልኩ። ለመመዝገብ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ደግሞ ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ። እሺ፣ ይሄን የለመድነው ነው። የድጋፉን አገኘሁና ዋናው ቢሮ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም፣ የሄደ ያውቀዋል። ሰውየው በትህትና ነው ያስቀመጠኝ፣ ይሄን አልክድም።

"የማን ቤተሰብ ነሽ እህቴ?" ነገርኩት።

"አርበኛ ነበሩ?"

"ማይጨው ነው የቀሩት" አልኩት።

"እሱማ ዘማች ነው የሚባለው። አርበኛ ማለት ጣልያን ከገባ በኋላ ጫካ ገብቶ አምስት ዓመት የታገለው ነው። በዓሉ ደግሞ የአርበኞች ነው።"

እዚህ ጋ ደሜ ፈላ ግን ዝም አልኩ። እኚህ ሰው ጫካ ያልገቡት ሞተው ነው እኮ! በሕይወት ቢተርፉ ይገቡ ነበር አይገቡም ነበር ብሎ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? እሱ ግን ቀጠለ፣ "ለማንኛውም ኒሻን ወይም የምስክር ወረቀት ካላቸው ይዘሽ ነይ፣ እናየዋለን።"

ኒሻን!! እስቲ አስቡት። ለአርበኞች ኒሻን የተሰጠው ከድሉ በኋላ ነው፣ ያኔ እሳቸው ከሞቱ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የሞተ ሰው ተሰልፎ ደረቱን ሰጥቶ ኒሻን አያስለጥፍም። ይሄንኑ ስለው "መመሪያው ነው" አለኝ። እንግዲያው በመመሪያው መሰረት ለአገሩ እንደሞተ ማስረጃ ማቅረብ የሚችለው ያልሞተው ብቻ ነው ማለት ነው። የስም ዝርዝር አምጪም ተብያለሁ፣ የትኛው ጦር ውስጥ እንደነበሩ የሚያሳይ። ኧረ በእናታችሁ፣ ማይጨው ከዘመተው ውስጥ ከክቡር ዘበኛውና ከመሰሉት በስተቀር አብዛኛው በክተት አዋጅ ስንቁን ሸክፎ ጌታውን ተከትሎ የሄደ ገበሬ ነው፣ የትኛው ኤችአር ነው መዝግቦ ፋይል የከፈተለት።

ከዛ ደግሞ ሪባኑ መጣ። ጉንጉኑ ላይ የሚለጠፈው ሪባን ላይ ስማቸውን ላጽፍ ነው ስለው "የግለሰብ ስም አይቻልም፣ የተቋም ነው" አለኝ። እሺ የኛ ተቋም ምንድነው፣ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ በፎርሙ ላይ የለም። ሌላ ኃላፊ ጋ ላከኝ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ከስብሰባ ሲወጣ ፊልድ ነው፣ ከፊልድ ሲመለስ ደብዳቤዬ የለም። መዝገብ ቤት "ወጪ ሆኗል" ይላሉ፣ የት እንደወጣ ግን የሚነግረኝ የለም። በዓሉ እየደረሰ ነው፣ እናቴ በየማታው "ምን አሉሽ?" ትላለች፣ እኔ "እየጨረሱት ነው" እላለሁ፣ ምን ልበላት።

ያዳነኝ እዛው ቢሮ በር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው አርበኛ ነበሩ፣ እሳቸው ራሳቸው ከአርበኞች ማኅበር አባቶች ጋር በየዓመቱ የሚሰለፉ ናቸው። በንዴት ስወጣ አይተውኝ ጠሩኝ።

"ልጄ ምን ሆነሽ ነው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ። "ይሄን ወረቀት ተይው ልጄ። ጠዋት በ12 ሰዓት ነይና ከኛ ጋር ተሰለፊ፣ ከኛ ጋር የመጣን ማን ደብዳቤ ይጠይቀዋል" አሉኝ። ስለ ሪባኑም መላ ነበራቸው፣ ፊት ለፊት "በማይጨው ለወደቁት" ብለሽ በትልቁ አስጽፊ፣ ስማቸውን ታች ጫፉ ላይ አድርጊው አሉ። እንዳሉት አደረግኩ።

በዓሉ ቀን መንገዱ ዝግ ነው፣ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁ፣ የሚዘጉት መንገዶች ዋዜማውን በዜና ይነገራሉ። እኔን ራይዱ ቀበና አወረደኝ፣ ከዛ ጉንጉኑን ተሸክሜ በግንፍሌ በኩል ዳገቱን በእግር። ፍተሻው ላይ ጉንጉኑን አገላብጠው አዩት፣ ሽቦውን ነካኩት፣ "የማን ነው?" አሉ፣ አባባ ከኋላዬ "የኛ ነው" አሉ፣ አለቀ። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት ደብዳቤ በሁለት ቃል። ደስም አለኝ፣ ይበልጥም ተናደድኩ።

መጀመሪያ ባለስልጣናቱና አምባሳደሮቹ አስቀመጡ፣ ተራ በተራ፣ በካሜራ። የኛን ስናስቀምጥ አንዱ አስተናጋጅ መጥቶ የኔን ጉንጉን ወደ ጎን ገፋ አደረገው፣ የእንግዶቹ በቲቪ እንዲታይ ነው መሰለኝ። ልናገረው ስል አባባ እጄን ያዙኝና ወደ መሀል ገቡ። ፉከራ ጀመሩ። የአባታቸውን ስም ጠሩ፣ የፈረስ ስማቸውን ጠሩ፣ ከዛ ያላሰብኩትን የእናቴን አያት ስም ከነአባታቸው፣ ማይጨው የቀሩት ብለው ጠሩልኝ። ስሙን ከሪባኑ ጫፍ ላይ ነው ያነበቡት። ሰዉ እልል አለ። እኔ ስልኬን ከኪሴ እስካወጣ አልፎኛል፣ ቪዲዮ የለኝም፣ እናቴ ግን በቃል ነግሬያት አምናኛለች።

እና የኔ ምክር፣ "ቀድማችሁ ተመዝገቡ" የሚለውን አትስሙ፣ ቢያንስ ኒሻን የሌለው ሰው ከሆነ ያላችሁ አትስሙ። ወይ ከማኅበሩ አባቶች ጋር ሂዱ፣ ብዙዎቹ ዛሬ የአርበኛ ልጆች ናቸው፣ ትህትና ካላችሁ አይገፏችሁም፣ ግን ዋዜማ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ሄዳችሁ ተዋወቋቸው። ወይ ደግሞ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሂዱ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ካሜራው ሲነሳ። እኔ ከሰዓት እናቴን ይዤ ተመለስኩ፣ ማንም ማንነታችንን አልጠየቀንም፣ የተገፋውን ጉንጉን አንስተን ደህና ቦታ ላይ አቆምነው፣ እናቴ እስኪበቃት ቆመች። ትልልቅ ሰው ካላችሁ ይሄኛው ይሻላል፣ ጠዋት ለሰዓታት መቆም ነው፣ መቀመጫውም ለተጠራ እንግዳ ነው።

ሪባኑን ማታውኑ ፈትታችሁ ውሰዱት፣ አበባው በማግስቱ ይጠረጋል። የድጋፍ ደብዳቤያችሁንም ከማስገባታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ፣ ካስገባችሁም መዝገብ ቤት ቁጥሩን በእጃችሁ ጽፋችሁ ያዙ፣ የኔ እስካሁን "ወጪ" እንደሆነ ነው።