ከኮርማ ግንባር ሥር ያወጣኝ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። "ካወጣኸኝ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ" ብዬ ለሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል ተስዬ ነበር። ኅዳር 12 በደብራችን ቆሜ ተናግሬያለሁ። ግን ላም የምታረቡ፣ በተለይ ደጃችሁ ላይ ኮርማ ያሰራችሁ እንድትሰሙኝ ደግሞ ልጻፈው አልኩ።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ ብርድና ወተት የምታገኙበት አገር። ጥቂት የዲቃላ ላሞች አሉን፤ ወተቱን አዲስ አበባ ለሚያወርድ ነጋዴ እናስረክባለን። ኮርማ የያዝነው ወደን አልነበረም። ላሞቹን ያለ ኮርማ በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያስረግዘው አዳቃይ ሲጠራ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ስልክም አያነሳ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ደግሞ ፍላጎቷ ከ18 ሰዓት ብዙም አይዘልም። ያ ካመለጠ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። በወተት የሚተዳደር ሰው 21 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለቤቴ እናቱ የሞተችበት አንድ የፍሪዥያን ጥጃ ገዛ። በጡጦ አሳደገው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አልነው።

ጥጃ ሳለ ልጆቼን በግንባሩ ሲገፋቸው እንስቅ ነበር። ጎረቤታችን ሽማግሌው ግን አይስቁም። "በእጅ ያደገ ኮርማ ሰውን እንደ ጓደኛ ኮርማ ነው የሚያየው። ከመንጋ ጋር ያደገው ሰው ሲጠጋው ፈራ ብሎ ዞር ይላል። ይሄ ማንን ይፈራል?" ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ "ቀንድ የለው፣ ምን ያደርጋል?" ይላል። እውነት ነው፣ ቀንዱ ገና በጥጃነቱ ተተኩሷል።

ቦራ ሲጎለምስ ጠባዩ ተለወጠ። ኮርማ ሊጣላ ሲል ዘው ብሎ አይመጣም። መጀመሪያ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ ትልቅነቴን እዩልኝ ለማለት። ጀርባውን ያጎብጣል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ቀጥሎ በፊት እግሩ አፈር ይቆፍራል። ይህን ያየ ሰው ቀስ ብሎ መውጣት ነው ያለበት። ሠራተኛችን አንድ ጠዋት እየሮጠ ወጥቶ "እትዬ፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ በረት አልገባም" አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ያኔ ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሥዕለ አድኅኖው ፊት እቆምና "ጌታ ሆይ፣ የዚህን ሰው ልብ አራራልኝና ኮርማውን ይሽጠው" እላለሁ። እሱ "እጄ ላይ ያደገ ከብት እንዴት ለቢላዋ እሰጣለሁ?" ይላል። እኔም ጸሎቴን አላቆምኩም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ሲጥል አድሯል። ባለቤቴ ከተማ ወርዷል፣ ሠራተኛው ሣር እያጨደ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ በባልዲ ይዤ ወደ ላሞቹ ገባሁ። ቦራ ገመዱን በጥሶ መሀል ላይ ቆሟል። ጎኑን ሰጥቶ። ጀርባ እንዳልሰጠው፣ እንዳልሮጥም ሽማግሌው ስለመከሩኝ ፊቴን ሳላዞር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርኩ። ሊሳካልኝ ነበር። ጭቃው አዳለጠኝና በጀርባዬ ወደቅሁ።

ቀንድ የሌለው ኮርማ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። በግንባሩ መሬት ላይ ይጨፈልቃል። የጎለመሰ የፍሪዥያን ኮርማ 1000 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሙሉ ክብደቱን እንኳ አላሳረፈብኝም፤ ግን የጎድን አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ለሃጩ አንገቴ ላይ ይወርዳል። አፍንጫው ላይ ያለው እርጥበት ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ልጩህ ብል ትንፋሽ የለም። በልቤ "ሚካኤል ድረስልኝ!" አልኩ። ስለቴንም የተሳልኩት እዚያው ነው።

ሊደግመኝ ራሱን ቀና አደረገ። በዚህ መሀል ከእጄ የወደቀው ባልዲ ቁልቁል ተንከባለለና የቆርቆሮውን በር መታው። ጓ! ቦራ ዞረ። እኔን ትቶ ባልዲውን በግንባሩ ይደቁሰው ጀመር። እየተሳብኩ በግርግሙ ሥር ሾልኬ ወጣሁ። ሐኪም ቤት ሲያዩኝ የጎድን አጥንት ተሰብሯል፤ ሳንባዬን ግን አልነካውም።

አንዳንዱ "ያዳነሽ ባልዲው ነው" ይለኛል። ይሁና። ባልዲው እኔ ስወድቅ አብሮኝ ወድቆ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ስሙን ስጠራ ነው የተንቀሳቀሰው። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ጸሎቴ ግን ገና በሙሉ አልተመለሰም ነበር። ባለቤቴ አልጋዬ አጠገብ አለቀሰ፣ ከዚያ "ጠንካራ በረት እሠራለታለሁ" አለ። ሰው እንዲህ ነው። ከዚያ የነፍስ አባታችን ሊጠይቁኝ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ኦሪት ዘጸአት 21፥29ን አነበቡ። በሬው ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ከገደለ በሬው ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም እንዲሞት ሕጉ ያዝዛል።

"ልጄ፣ ለአንተ ተነግሮሃል ወይስ አልተነገረህም?" አሉት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። "ተነግሮኛል አባ" አለ በመጨረሻ። "ነገ ይሄዳል።"

አንድ ገበሬ ለማዳቀያ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶት ነበር። እንቢ አለ። "የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ከብት ለሰው ደጅ አልሸጥም" ብሎ በትንሽ ዋጋ ለሥጋ ነጋዴ ሰጠው። በዚህ ባለቤቴን አከብረዋለሁ። አሁን ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን አዳቃዩን በጋራ እንጠራለን። ለአንድ ቤት የማይነሳው ስልክ ለብዙ ቤት ይነሳል።

የስለቱን ጥላ የገዛነው ከቦራ ዋጋ ነው። ኅዳር 12 ተሸክሞ ያስገባውም ባለቤቴ ነው። እልል በሉልኝ፣ ስብሐት ለእግዚአብሔር።