ፋየርበርድ ኤስፕሪ የምታድሱ፦ ሁለቱን ሪቬቶች አታስነኩ

የ1970ዎቹን የቴሌቪዥን መርማሪዎች የሚወድ ሰው መኪኖቻቸውንም አብሮ ይወዳል። ኮሎምቦ ያቺን የተጎሳቆለች ፔጆ 403፣ ስታርስኪ ነጭ መስመር የተሰመረባትን ቀይ ፎርድ ግራን ቶሪኖ፣ ጂም ሮክፎርድ ደግሞ ወርቃማዋን ፖንቲያክ ፋየርበርድ ኤስፕሪ ይነዱ ነበር። እኔ የሮክፎርድን መረጥኩ። ሮክፎርድን ሆኖ የሚጫወተው ጄምስ ጋርነር አብዛኛውን አደገኛ ነጂነት ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ያ ደግሞ በምስሉ ላይ ይታያል።

ስለ ካርቡሬተርና ስለ ፍሬን የሚጽፍ ሞልቷል። ከፊት መስታወቱ ሥር በሁለት ሪቬቶች (ክብ ራስ ባላቸው የብረት ማሰሪያዎች) ስለተመታችው የሻንሲ ቁጥሯ ሰሌዳ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ዋናውን ጣጣ ያመጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ሌላውን በአጭሩ እነግራችሁና እዚያ ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ሞዴሉን ለዩ። የሮክፎርድ ተከታታይ ፊልም በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲጀመር የ1974 ሞዴል ነበር፤ የኋላ መስታወቷ አጭር ነው። ከ1975 ጀምሮ የኋላ መስታወቱ ወደ ጎን ይጠቀለላል። ከ1977 ጀምሮ ክቦቹ የፊት መብራቶች ቀርተው አራት ማዕዘን የሆኑ አራት መብራቶች መጡ። ጋርነር የ1979ኙን አፍንጫ ስላልወደደው ፊልሙ በ1980 መጀመሪያ እስኪያልቅ በ1978ቷ ቀጠሉ። ለእኔ የምትሻለው የ1977 ወይም የ1978 ናት። ኮፋኖዋ ላይ ትልቁ የወፍ ሥዕል የለም፣ ከኋላዋም ክንፍ የለም፤ እነዚህ ያሏትን የፋየርበርድ ዓይነት፣ ትራንስ አምን፣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ ኤስፕሪ በዋጋ ትቀላለች።

ሻጩ የሚላችሁን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። በ1977 ሞዴል ቁጥሩ 13 ፊደልና አኃዝ ነው። 2 ፖንቲያክ፣ ቲ ኤስፕሪ፣ 87 ባለ ሁለት በር ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ኤስ ካያችሁ ተራዋ ፋየርበርድ፣ ዩ ካያችሁ ፎርሙላ፣ ደብልዩ ካያችሁ ትራንስ አም ናት። አምስተኛው ሞተሩን ይነግራችኋል፦ ፒ የፖንቲያክ 350፣ አር እንደ ፖንቲያክ በጄነራል ሞተርስ ሥር የነበረው የኦልድስሞቢል 350 ነው (350 የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው)። ቀጥሎ የዓመቱ 7 ይመጣል፣ ከዚያ ፋብሪካው፦ ኤን ኖርዉድ ኦሃዮ፣ ኤል ቫን ናይስ ካሊፎርኒያ። የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች ተራ ቁጥር ናቸው። የሞተሩን ፊደል አትናቁት። ሁለቱም 350 ይባላሉ እንጂ የውሃ ፓምፓቸውም፣ ጋስኬታቸውም፣ የሞተር ማቀፊያ ጎማቸውም አይገናኝም። ጄነራል ሞተርስ በዚያው ዓመት ለኦልድስሞቢል ገዢዎች የሼቭሮሌት ሞተር አስገብቶ ሸጠ ተብሎ ተከሷል፤ ስለዚህ «ፖንቲያክ ስለሆነች የፖንቲያክ ዕቃ» የሚላችሁን የመለዋወጫ ሻጭ አትስሙ። ኦልድስሞቢሉን በዓይን ለመለየት የዘይት መሙያውን እዩ፤ ከሞተሩ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ነው።

ሜካኒካል ሥራው ቀላል ነው። የቆየውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ታንከሩን አውርዳችሁ እጠቡ፣ የጎማ ቱቦዎችን ሁሉ ኤታኖል በሚችል ቱቦ ለውጡ። ኳድራጄት ካርቡሬተሩን ስትፈቱ ጥቁሩን ተንሳፋፊ አትመልሱት፤ በዕድሜው ቤንዚን ይመጥጥና ይከብዳል፣ ያን ጊዜ ነዳጁ ይትረፈረፋል። ከሥሩ ያሉትን መድፈኛዎች ቤንዚን በሚችል ኤፖክሲ ድፈኑ፤ ሌሊት ሞተሩ ጠፍቶ የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። ዲስትሪቢዩተሩ ኮይሉን ከላይ ክዳኑ ውስጥ የያዘው ዓይነት ስለሆነ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። የፊት ፍሬን ዲስክ፣ የኋላው ከበሮ ነው፤ ሸራውንም ሲሊንደሩንም አብራችሁ ለውጡ። የፊቱ ንዑስ ሻንሲ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው በጎማ ላይ ስለሆነ ጎማዎቹ ካረጁ መሪው ይንሳፈፋል። የባሌስትራ ቡሽንጎችንም አትርሱ። ቀለሙን በፎቶ አታስመስሉ፤ ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ ኮዱን አንብባችሁ አስቀምሙ።

አሁን ወደ ዝገቱ። የእነዚህ መኪኖች የፊት መስታወት ዙሪያውን በሚያብረቀርቅ ጌጥ ይከበባል። ጌጡን የሚይዙት ክሊፖች አካሉ ላይ በተበየዱ ትናንሽ ጉጦች ላይ ይገባሉ። ቀለሙ እዚያ ይፋቃል፣ ውሃ ከጌጡ ሥር ይቀመጣል፣ የታችኞቹ ማዕዘኖች ከውስጥ ይበላሉ። ዳሽቦርዱን ሳታነሱ ጉዳቱ አይታይም፤ የሚታየው ዝናብ ሲዘንብ የነጂው እግር ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ነው። በነጂው በኩል ያለው ማዕዘን ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ ሰሌዳ በሁለት ሪቬቶች ከተመታበት ብረት ጎን ነው።

መኪናዋን የሰጠሁት ጋራዥ ማዕዘኑን ቆርጦ አዲስ ብረት በየደ። ብየዳው ጥሩ ነበር፤ በዚያ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ሳይጠይቁኝ ሁለቱን ሪቬቶች በመሰርሰሪያ አውጥተው ሰሌዳውን በፕላስቲክ ከረጢት አስቀመጡት፣ ሲጨርሱም በተራ መደብር ሪቬት መልሰው መቱት። የፋብሪካው ሪቬት አናቱ ስድስት ቅጠል እንዳላት አበባ የተከፋፈለ ነው። የእነሱ ጠፍጣፋና ክብ ነበር። መኪናዋን ለምዝገባ ምርመራ ሳቀርባት መርማሪው በባትሪ ብርሃን በመስታወቱ በኩል አንድ ጊዜ አይቶ ወረቀቱን አጠፈ። «ሰሌዳው ተነክቷል» አለ፤ ሌላ ምንም ማየት አልፈለገም።

ከዚያ የመጣው ምልልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በመመዝገቢያ ቢሮው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ 13 ፊደሉን ስታስገባ ኮምፒውተሩ 17 ይለኛል ብላ ፊት ለፊቱ ዜሮ እንጨምር አለችኝ። 17 ፊደል ግዴታ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ላይ ዜሮ ከተጨመረ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) እና ሰሌዳው አይገጥሙም፣ ዕዳው ለሚቀጥለው ገዢ ይተርፋል። ዜሮውን እምቢ በሉ፣ የበላይ አስጠሩ። ቀጥሎ ሌላው ቢሮ ስቴቱ አዲስ ቁጥር ይስጥሽና ይለቅ አለኝ። ይህም ለእነሱ ቀላል መፍትሔ ነው። ለመኪናዋ ግን ሞት ነው፤ 2-ቲ-87 ከጠፋ ኤስፕሪ መሆኗን የሚያስረዳ ቁጥር አይኖርም።

ያዳናት የተደበቀው ቁጥር ነው። ከ1968 ጀምሮ ጄነራል ሞተርስ የሻንሲ ቁጥሩን አጭር ቅጂ ሞተሩና ካምቢዮው ላይ መትቷል፦ 2፣ ከዚያ የዓመቱ አኃዝ፣ የፋብሪካው ፊደል፣ ስድስቱ ተራ ቁጥሮች። በኦልድስሞቢል 350 ላይ በነጂው በኩል ከሲሊንደር ጭንቅላቱ ሥር ፊት ለፊት ያለውን ለስላሳ ቦታ እዩ። በፖንቲያኩ ላይ በተሳፋሪው በኩል ከታይሚንግ ክዳኑ ጎን ነው። ቅባቱን በብሬክ ማጽጃና በናስ ብሩሽ አንሱት። በብረት ብሩሽ ወይም በመፍጫ ድንጋይ አትንኩት፤ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ይጠፋል፣ የመፍጫ ጭረት ካዩ ደግሞ ያኔ በእርግጥ ተነክቷል ይላሉ። ጠመኔ ብትቀቡበት በፎቶ ጎልቶ ይነበባል። እኔ የሞተሩንና የካምቢዮውን ቁጥሮች ፎቶ፣ የድሮ ታይትሉን፣ ጋራዡ ፈርሞ የሰጠኝን የብየዳ መግለጫና ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተነሣውን የሰሌዳ ፎቶ ይዤ የስርቆት ተሽከርካሪ ምርመራ የሚያውቅ መኮንን ዘንድ ቀረብኩ። እሱ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ መኪናዋን በቁጥሯ አሳለፈልኝ።

ቢሮዎቹ «መኪናውን ጨርሰህ ለምርመራ አምጣ» ይላሉ። አትስሟቸው። አንድ ብረት ከመቆረጡ በፊት፣ ዝገቱ እያለ፣ መርማሪውን አስጠሩ ወይም መኪናዋን በተሳቢ ውሰዷት፤ ሰሌዳው በፋብሪካ ሪቬት እንደተመታ በጽሑፍ ያስፍርላችሁ። የፌዴራል ሕጉ፣ በአሜሪካ ሕግ ክፍል 18 ቁጥር 511፣ አውቆ የሻንሲ ቁጥርን ማንሳትን ወይም መቀየርን እስከ 5 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ያስቀምጠዋል። ለጥገና የግድ ከሆነ ግን ለጠጋኙ ልዩ ሁኔታ አለው። ልዩ ሁኔታው የሚጠቅማችሁ የግድ እንደነበረ ማስረዳት ስትችሉ ነው። ኢንተርኔት ላይ አበባ ራስ ያላቸውን ሪቬቶች የሚሸጡ አሉ፤ ገዝታችሁ ራሳችሁ ብትመቱ ማታለል ይመስልባችኋል።

በቴክኒክም ቢሆን ማንሳት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ዳሽቦርዱንና መስታወቱን አውጡ፣ ሰሌዳው የተመታበትን ቁራጭ ብረት እንዳለ ተዉት፣ ማዕዘኑን ከጎኑ ቆርጣችሁ ጣፉ። ብየዳውን በነጥብ በነጥብ፣ እየቀዘቀዘ፤ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ለጋራዡ ይህን በወረቀት ስጡና አስፈርሙ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ሠራተኛ ሲቀየር ይረሳል።

ቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖች፦ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የጥንታዊ ታርጋ ያገኛል፤ ለዕለት ተዕለት ግን ሌላ መኪና እንዲኖራችሁ ይጠየቃል። የፊልሙን ታርጋ፣ 853 ኦኬጂ፣ በካሊፎርኒያው ሰማያዊ ላይ በቢጫ አሠርቶ መስቀል ደስ ይላል። ለትርዒት ቦታ ብቻ ይሁን፤ መንገድ ላይ ይዛችሁት ከወጣችሁ ፖሊስ ያስቆማችኋል፣ መጀመሪያ የሚያየውም ያንኑ የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ ነው።